ዛፍ አቤት አይልም

ወጣቶች ሆይ፤ ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሰው ከተማውን ለቅቆ ጥቂት እንደ ተጓዘ፥ በመንገዱ ዳር የሸክላ ዕቃ ተደርድሮ የሚሸጥበት አንድ መንደር ያገኛል። ይህ መንደር ወለቃ ይባላል። እኔ ከመምህርነት ዘመኔ ብዙውን ያሳለፍሁት በዚሁ አካባቢ የገጠር ልጆችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በማስተማር ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ በቤቴ ስቀመጥ፥ ከዚያ ዘመን አንዲት ነገር ከልቤ አልጠፋ ስላለችኝ፥ ለእናንተ ልጽፋት ወደድሁ። ነገሪቱ እኔ ለልጆች ያስተማርኋት ሳትሆን፥ ልጆች እኔን ያስተማሩኝ ናት።

ነገሪቱም ስለ ዛፍና ስለ አፈር፥ ስለ አቤቱታም ናት። ሰው ቢበደል ይጮኻል፤ ላም ብትራብ እምቧ ትላለች፤ ውሻ እንኳ ቢመቱት ያለቅሳል። ዛፍ ግን አቤት አይልም። በሚቆረጥበት ጊዜ የሚሰማው የምሳሩ ድምፅ ነው እንጂ የዛፉ ድምፅ አይደለም። አፈርም እንዲሁ ነው፤ በክረምት ሌሊት እኛ ተኝተን ሳለ በጎርፍ ተጭኖ ሲሄድ ማንንም አይቀሰቅስም። እንግዲህ ራሳቸው መናገር የማይችሉ ስለ ሆኑ፥ ስለ እነርሱ የሚናገር ሰው ያስፈልጋቸዋል። ነገር ግን ስለ ሌላ የሚናገር ሰው አስቀድሞ ሊማራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። እነዚህን ነገሮች ለማየት ወደ ኋላ መለስ ብለን ታሪክን እንጠይቅ።

ጎንደር የአቤቱታ ከተማ ነበረች። ጄምስ ብሩስ የሚባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በ1762 ዓ.ም. በዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ጎንደር ገብቶ ያየውን ሲጽፍ፥ ከቤተ መንግሥቱ በርና መስኮት ሥር ሰዎች ከማለዳ እስከ ማታ ቆመው፥ በያገሩ ቋንቋ «ጃንሆይ! ጃንሆይ!» እያሉ ፍርድ ይለምኑ እንደ ነበር ይነግረናል። ከዚህም ሌላ አንድ የሚያስገርም ነገር ጨምሮ ጽፏል። ዝናሙ በርትቶ ወይም በሌላ ምክንያት አቤት ባይ ሲጠፋ፥ ንጉሡ በጸጥታ ብዛት ብቸኝነት እንዳይሰማው፥ ጩኸቱን ሥራቸው አድርገው የያዙ ሰዎች በደጁ ቆመው ያለ በደል ይጮኹ ነበር አለ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁልጊዜ ይሥቃሉ። እኔ ግን ከሣቁ በኋላ አንድ ጥያቄ እጠይቃቸው ነበር፤ «ንጉሡ ከመስኮቱ ሆኖ ሲሰማ፥ የተበደለውን ሰው ጩኸት በልማድ ከሚጮኸው ሰው ጩኸት በምን ይለየዋል?» እላቸዋለሁ። ጩኸት ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ ካለው፥ የእውነተኛው በደል ከሐሰተኛው ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ስለዚህ አቤት ማለት ብቻ አይበቃም፤ አቤቱታው በውስጡ እውነት ያለው፥ እውነቱም የሚታይና የሚቈጠር መሆን አለበት።

አባቶቻችን ስለ መናገርና ስለ ዝምታ የተለያየ ምክር ትተውልናል። በአንድ በኩል «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው የሚያስፈራሩም እነርሱ ናቸው፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ፥ ሌላው እጁን እንዲሰበስብና መንገደኛውም ቆሞ እንዲዳኛቸው ያስለመዱን እነርሱ ናቸው። እንግዲህ የአቤቱታ ትምህርት ከውጭ የመጣብን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት እንኳ ሕዝቡ ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው በጽሑፍ አስቀምጦት ነበር። የጐደለን ነገር፥ ይህን አሮጌ ልማድ ለዛፍና ለአፈር፥ ለምንጭና ለወንዝም እንዲያገለግል ማድረግ ነው።

አሁን ደግሞ የጎንደርን ምድር እንመልከት። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሯት፥ ከዚያ በፊት ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዘዋወር የነበረው የነገሥታቱ ከተማ በአንድ ስፍራ ጸና። ይህ ለሥልጣኔ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ከተማ ሲጸና ማገዶውም፥ አጣናውም፥ ምሰሶውም ከአንድ ስፍራ መቆረጥ ይጀምራል። የሚዘዋወር ሰፈር ሲነሣ ጫካው ዕረፍት ያገኛል፤ የጸና ከተማ ግን ዕረፍት አይሰጥም። ግንቦቹ የተገነቡበት ኖራ የሚቃጠለው በእንጨት ነው፤ ብረቱ የሚቀልጠው በከሰል ነው፤ እንጀራው፥ ጠላው፥ ሸክላው ሁሉ እሳት ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ በጎንደር ዙሪያ ያለውን የተራቆተ ኮረብታ ስናይ፥ የአንድ ሰው ወይም የአንድ መንደር ጥፋት አድርገን ማሰብ ስሕተት ነው። የነገሥታቱም፥ የመኳንንቱም፥ የካህናቱም፥ የድኻውም ምድጃ አንድነት ያደረሰው ነገር ነው።

ነገር ግን ሰው ጥፋትን ሲያካፍል ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የበለጠውን ድርሻ ለደካማው ይሰጣል። ወለቃ ለዚህ ምስክር ናት። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። አባቶቻቸው በሰሜን ተራራ ከነገሥታቱ ጋር ባደረጉት ጦርነት ተሸንፈው ርስታቸውን ስላጡ፥ በእጅ ሥራ ይተዳደሩ ጀመር፤ ጎንደርም ስትሠራ በግንበኝነትና በአናጢነት፥ በብረት ሥራም አገልግለዋል። ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ እየሠሩለት፥ ሚስቱ የምትጋግርበትን ምጣድ እየሠሩላት፥ እርሱ ግን ቡዳ እያለ ይሸሻቸው ነበር። ርስት የሌለው ሰው ዛፍ ቢተክል ለማን ይተክላል? ጥላው የሌላ፥ ፍሬው የሌላ፥ ግንዱም የሌላ ነው። መሬት ለአራሹ እንዲሆን አዋጅ የወጣው በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ብዙ ሳይቈይ፥ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ የሆኑ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከወለቃ ሰዎችም አብዛኞቹ በዚያ ዘመን አገሩን ለቀው ሄዱ፤ የሸክላው ሥራ ግን በመንደሩ ቀረ።

ይህን ታሪክ እኔ ዐውቀው ነበር። ማወቅና ማስተዋል ግን አንድ አይደሉም፤ ይህንም የተረዳሁት ከዚህ ቀጥዬ በምነግራችሁ ነገር ነው።

አንድ ቀን ስለ ደን መመናመን ሳስተምር ቃሌ ሞቅ አለ። በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ለእያንዳንዳችን አንድ ችግኝ ተሰጥቶን፥ ችግኙ የደረቀበት ልጅ በሰልፍ ፊት ይወቀስ ነበር፤ እኔም ያ ልማድ በደሜ ገብቶ ኖሯል። በሰሌዳው ላይ የተራቆተ ኮረብታ ሣልሁና፥ «ከሰል የሚያከስልና የሚሸጥ ሰው የአገር ጠላት ነው» አልሁ። ልጆቹም ወደ አንዲት ልጅ ዘወር ብለው ተመለከቱ። እርስዋም አንገትዋን ደፋች። በማግሥቱ አልመጣችም፤ በሳልስቱም አልመጣችም። ሳምንት ሲሞላ ምክንያቱን ጠየቅሁ። እናትዋ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ክረምት ሆኖ ሸክላው አልደርቅ ሲል ደግሞ ከሰል ትሸጣለች አሉኝ።

እኔም ወደ ቤታቸው ሄድሁ። እናትየዋ እንደ አገሩ ወግ ቡና አፍልታ ካስተናገደችኝ በኋላ፥ ያለ ቁጣ እንዲህ አለችኝ፤ «መምህር፥ እርስዎ ያሉት እውነት ነው። ዛፉ እንዳለቀ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? ድሮ እናቴ ማገዶ ለቅማ የምትመለሰው እሳቱ ሳይጠፋ ነበር፤ እኔ ዛሬ ጧት ወጥቼ ከቀትር በኋላ እመለሳለሁ። እንጨቱ ቢጠፋ ኩበት አነደድሁ፤ ኩበቱን ባነድ ደግሞ ጓሮዬ ፍግ አጣ። ከሰሉን ብተወው ይቺ ልጅ ደብተር የላትም። እርስዎ ጠላት ያሏት ሴት ልጅዋን ወደ እርስዎ የላከችው፥ ከዚህ የሚያወጣ መንገድ ይነግሩኛል ብላ ነበር።»

ወጣቶች ሆይ፤ እኔ በዚያ ቀን የመለስሁት ቃል አልነበረም። በዩኒቨርሲቲ ከተማርሁት የሚበልጥ ትምህርት በአንድ ሲኒ ቡና ተማርሁ። በማግሥቱ ልጅቱ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች፤ እኔም በክፍሉ ፊት ቆሜ፥ «ትናንት ያስተማርኋችሁ ትምህርት ጐደሎ ነበረ፤ በሰው ላይም በደል ፈጽሜአለሁ» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። አንዳንድ ባልንጀሮቼ መምህር ለተማሪ ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ ይዋረዳል ብለው ወቀሱኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ልጆቹ ከፊት ይልቅ ሲሰሙኝ እንጂ ሲንቁኝ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱን በሌላ መንገድ ጀመርነው። አስቀድመን ማንንም ሳንወቅስ ማየትና መቊጠር ነበር። ሐንስ ሁርኒ የሚባል በኢትዮጵያ ተራሮች ብዙ ዘመን የደከመ የስዊስ ሊቅ በሠራው ግምት፥ በአገራችን ከታረሰ መሬት በአማካይ ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን ያህል አፈር ይታጠባል። አርባ ሁለት ቶን ሲባል ለገጠር ልጅ ምንም አይታየው። ስለዚህ ወደ አህያ መነዘርነው። አንዲት አህያ 50 ኪሎ ብትጭን፥ ከአንድ ሄክታር፥ ይኸውም ከአራት ቃዳ መሬት፥ በየዓመቱ 840 የአህያ ጭነት አፈር ይሄዳል ማለት ነው። አንድ ልጅ ይህን ሲሰማ ተነሥቶ፥ «ሰው 840 አህያ ነድቶ የአባቴን አፈር ሊጭን ቢመጣ አባቴ በዱላ ያባርረው ነበር፤ ጎርፉን ግን ምንም አይለውም» አለ። እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በመጽሐፍ አላገኘሁም።

ከትምህርት ቤቱ በታች አንድ ቦረቦር ነበር። ከመንገዱ ሥር የሚወጣው የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦ ጎርፉን ሰብስቦ በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ስለሚለቀው፥ ቦረቦሩ በየክረምቱ ወደ ላይ ይወጣል። ልጆቹ በቦረቦሩ አናት ላይ ችካል ቸክለው በገመድ ለኩት። ክረምቱ አልፎ ሲመለሱ ሰባት ክንድ ያህል ማሳ ወድቆ አገኙት። ይህንም አይተው ወዲያው ማመልከቻ ጻፉ። በዚያ ማመልከቻ ውስጥ ቁጣ እንጂ ልክ አልነበረም፤ «ግዴለሾች» የሚል ስድብ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ነበር፤ የቦረቦሩ ስፋት ግን አልተጻፈም። እኔም አርሜ መመለስ ሲገባኝ፥ የወጣት ወኔ ነው ብዬ ዝም አልሁ። ማመልከቻው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ገባ፤ ከዚያም በኋላ ወሬው ጠፋ። ብንጠይቅ መዝገብ ውስጥ የለም አሉን።

ልጆቹ ተስፋ ቈረጡ። ያን ጊዜ የብሩስን ታሪክ አነሣሁላቸው፤ «እኛም እንደ እነዚያ በልማድ እንደሚጮኹት ሰዎች ጮኽን፤ በመስኮቱ ያለው ሰው ከሌላው ጩኸት በምን ይለየን?» አልኋቸው። ሁለተኛውን ማመልከቻ ስንጽፍ ሦስት ነገር ጨመርን። የመጀመሪያው ልክ ነው፤ በስንት ወር ስንት ክንድ እንደ ወደቀ፥ የማን ማሳ እንደ ሆነ ጻፍን። ሁለተኛው ምስክር ነው፤ የማሳው ባለቤትና የመንደሩ ሽማግሌዎች ፈረሙበት፤ መጻፍ የማይችሉትም በጣታቸው አተሙ። ሦስተኛው የራሳችን ድርሻ ነው፤ ድንጋዩን የሚለቅሙትና የሚያቀርቡት ተማሪዎቹና መንደርተኞቹ እንደ ሆኑ፥ ከመሥሪያ ቤቱ የምንፈልገው ባለሙያና የቱቦው መታረም ብቻ እንደ ሆነ ገለጽን። ኮፒውን በእጃችን አስቀርተን፥ የገባበትን ቀንና ቁጥር አስመዘገብን።

ይህ ታሪክ በተረት እንደሚነገረው በአንድ ቀን ድል አላለቀም። ባለሙያ መጣ፤ አየ፤ እንዴት ድንጋይ እንደሚደረደር አሳይቶን ሄደ። ተማሪዎቹና ገበሬዎቹ በበጋው ወራት በቦረቦሩ ውስጥ የድንጋይ ክትር ሠሩ፤ በዳሩም ሣር ተከሉ። ቱቦው ግን እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አልታረመም። ሆኖም በሚቀጥለው ክረምት ልጆቹ ገመዳቸውን ይዘው ሲለኩ፥ የወደቀው ማሳ ከአንድ ክንድ አልበለጠም። ያቺ አንገትዋን ደፍታ የነበረችው ልጅም ገመዱን ከያዙት አንዷ ነበረች።

አሁን ከመንደራችን ወጥተን ታሪክን በሰፊው ብንመለከት፥ ያው ነገር በትልቁ ሲፈጸም እናያለን። በደርግ ዘመን በብዙ አውራጃ እርከን ተሠራ፤ በሚሊዮን የሚቈጠር ችግኝም ተተከለ። ሥራው በራሱ መልካም ነበር። ነገር ግን ኮረብታው ሲከለል ገበሬው አልተጠየቀም፤ ዛፉም የማን እንደ ሆነ አልተነገረውም። ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ፥ በብዙ ስፍራ ሕዝቡ ምሳሩን ይዞ ወጥቶ የተከለውን ዛፍ ራሱ ቈረጠው። ገበሬው ዛፍ የሚጠላ ሆኖ አይደለም፤ ያንን ዛፍ የመንግሥት እንጂ የራሱ አድርጎ ስላልቈጠረው ነው።

የሰሜን ተራሮችም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ስፍራው በ1962 ዓ.ም. በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት ከተጻፉት 12 የመጀመሪያ ስፍራዎች አንዱ ሆኖ፥ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ተጻፈ። ዋልያ በዓለም ላይ የሚገኘው በዚሁ ተራራ ብቻ ነው። ነገር ግን እርሻውና ግጦሹ እየሰፋ፥ ዋልያውም እያነሰ ስለ ሄደ፥ በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቈጠረ። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ መካከል ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች፥ ቍጥራቸው ከ2000 በላይ የሆነ፥ ወደ ደባርቅ ተዛውረው ሰፈሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። የተራራው ሣር አገገመ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ገብስ ያመርትና በግ ያረባ የነበረ ሰው በከተማ ዳር ሲሰፍር ኑሮው እንዴት እንደሚሆን አስቡት። ለዋልያው የሚናገር ሰው ከዓለም ዙሪያ ተገኘ፤ ለግጭ ገበሬ የሚናገር ሰው ግን ከራሱ ልጆች መካከል መገኘት ነበረበት። ስለዚህ ነው የገጠር ልጅ አቤቱታ መጻፍ መማር አለበት የምለው። ስለ ተራራውም ስለ ሰውም በአንድ አፍ መናገር የሚችል፥ በተራራው ላይ ያደገው ልጅ ነው።

ከዚህ የሚያጽናና ምሳሌም አለን። በደቡብ ጎንደር በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ወደ ታች ቢመለከት፥ በታረሰው ቡናማ ምድር መካከል ክብ ክብ አረንጓዴ ነጥቦች ያያል፤ እነዚህም የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ናቸው፤ በዚያ አገር ቍጥራቸው ከ1000 ይበልጣል። በሌላው ስፍራ የጠፋው ጽድና ወይራ፥ ዋንዛና ኮሶ በዚያ ተጠብቆ ይኖራል። የተጠበቀውም ዛፉ የማን እንደ ሆነ ሁሉም ስለሚያውቅና፥ ቢነካ ተው የሚል ሰው በአጠገቡ ስላለ ነው። የደን ሊቅና ደራሲ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፥ ማርጋሬት ሎማን ከምትባል አሜሪካዊት ሊቅ ጋር ሆነው፥ እነዚህ ደኖች በከብት እንዳይረገጡ በድንጋይ አጥር እንዲታጠሩ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ተመካክረው ሠርተዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ስለ ሆነ፥ ማሳውም ጸዳ፥ ደኑም ተጠበቀ። ሕዝቡ የተጠየቀበት ሥራ እንዲህ ሁለት ፍሬ ያፈራል።

በጎረቤታችን በኬንያ ዋንጋሪ ማታይ የምትባል ሴት ነበረች። በልጅነትዋ ውሃ ትቀዳበት የነበረው ምንጭ፥ በአጠገቡ የነበረው ትልቅ የሾላ ዘመድ ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ መድረቁን አየች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 የገጠር ሴቶችን ሰብስባ ችግኝ ማስተከል ጀመረች። ነገር ግን በመትከል ብቻ አላቆመችም። በ1989 በናይሮቢ መካከል ባለው የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ ደብዳቤ እየጻፈች ተቃወመች፤ ተሰደበች፥ ተዛተባትም፤ ሕንፃው ግን ሳይሠራ ቀረ። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ስትቀበል፥ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። ከእርስዋ የምንማረው፥ አንድ እጅ ችግኝ ቢይዝ ሌላው እጅ ብዕር መያዝ እንዳለበት ነው።

እናንተም ብዕሩን ስታነሡ ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት፥ በአንቀጽ 44 በንጹሕና በጤናማ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉ ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጋም ግዴታ እንደ ሆነ፥ ሕዝቡም በሚነካው ሥራ ላይ ሐሳቡን መስጠት እንዳለበት ተናግሯል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከዚህም አልፎ፥ ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በቀጥታ ባይደርስበትም እንኳ አካባቢን ስለሚጐዳ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ፈቀደ። መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ባይሰጥ፥ ወይም ውሳኔው ባያስደስተው፥ አቤት ባዩ በ60 ቀን ውስጥ ክስ ማቅረብ እንዲችል ደነገገ። እንግዲህ ዛፍ አቤት አይልም ብንልም፥ ስለ ዛፍ አቤት የሚል ሰው ግን በሕግ ፊት ሥፍራ ተሰጥቶታል ማለት ነው። ሕግ በወረቀት ላይ መጻፉ ብቻውን ጎርፍ አያቆምም፤ የሚያነሣው ሰው ያልተገኘለት ሕግ በዘነዘና ጫፍ ላይ እንደ ተሰቀለ ጋሻ ነው።

በነዚህ ዓመታት በአገራችን በደረሰው መከራ ምክንያት፥ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ተቀምጠዋል። አንዳንዱ ሰው፥ «የሰው ሕይወት በሚጠፋበት ዘመን ስለ ዛፍና ስለ ቦረቦር ማውራት ቅንጦት ነው» ይል ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ በቃልና በልክ፥ በምስክርና በሽማግሌ ጕዳዩን ማቅረብ የተማረ ልጅ፥ ሌላም ነገር ሲያስቈጣው መጀመሪያ ብዕሩን ይፈልጋል። የተቈጣው ቃል እንዴት እንደሚጠፋ፥ የታገሠው ቃል እንዴት እንደሚደርስ በአንዲት ቦረቦር ላይ የተማረ ሰው፥ ትምህርቱን ለዘመኑ ሁሉ ይይዘዋል።

እንግዲህ ልጆቼ፥ ምክሬን በአጭሩ ልጠቅልለው። አስቀድማችሁ በዐይናችሁ እዩ። ከወቀሳችሁ በፊት ጠይቁ፤ ምሳር የያዘውን ሰው ምን እንዳስያዘው ጠይቁት። ያያችሁትን ልኩና ቊጠሩ። የምትጽፉትን በአክብሮት ጻፉ፤ ምስክር አቁሙበት፤ የገባበትን ቀን ያዙ። ከመንግሥት የምትለምኑትን ያህል ከራሳችሁም ስጡ። መልስ ባይመጣ ተመልሳችሁ ሂዱ። ከሁሉ በላይ ግን ስለ ዛፍ ስትናገሩ የድኻውን አንገት አታስደፉ። አንገቱን የደፋ ሰው የተተከለለትን ዛፍ ቀና ብሎ ሊያይ አይችልም።

እኔ ዛሬም አልፎ አልፎ ወደዚያ ቦረቦር እሄዳለሁ። በክትሩ ላይ ሣር በቅሎበታል፤ ከሣሩም መካከል ማንም ያልተከለው አንድ ወይራ ብቅ ብሏል። ቱቦው አሁንም እንደ ነበረ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ማመልከቻ መጻፍ አለበት፤ እርሱን የምትጽፉት ደግሞ እናንተ ናችሁ።